መቅኔው ከጸደቀ በኋላ

እ.ኤ.አ. በ1963 ፈረንሳዊው ሐኪም ዦርዥ ማቴና ባልደረቦቻቸው ያልተለመደ ታሪክ ለሕክምናው ዓለም አቀረቡ። ታማሚው ራሱ ሐኪም ነበር፤ ዕድሜው 26። የደም ካንሰር ይዞታል። ሰውነቱ በጨረር ከተመታ በኋላ ከስድስት የቅርብ ዘመዶቹ የተቀዳ የአጥንት መቅኔ በደም ሥሩ ገባለት። ከስድስቱ የማንኛቸው እንደሚጸድቅ አስቀድሞ የሚያውቅ አልነበረም። ኋላ ላይ ከለጋሾቹ ትንንሽ ቁራጭ ቆዳ እየተወሰደ ገላው ላይ ሲለጠፍ፣ የአንደኛው ወንድሙ ቆዳ ተስማምቶት ሳይላቀቅ ቀረ። የጸደቀው መቅኔ የዚያ ወንድሙ መሆኑ በዚህ ታወቀ። ካንሰሩም ጠፋ።

ወጣቱ ሐኪም ግን ንቅለ ተከላው በተደረገለት በሃያኛው ወር ሕይወቱ አለፈ። የገደለው ካንሰሩ አልነበረም። በጤነኛ ሰው ላይ ቆዳን አቃጥሎና አሳብጦ የሚያልፈው፣ አልማዝ ባለጭራ የሚባለው በሽታ ወደ አንጎሉ ዘልቆ ገባ። አዲሱ መቅኔ ደም እየሠራለት፣ ቫይረሱን ለይቶ የሚዋጋለት ሕዋስ ግን አጥሮት ሞተ።

የመቅኔ ንቅለ ተከላ ብዙ ጊዜ የሚተረከው ሳይንስ ካንሰርን የረታበት ታሪክ ሆኖ ነው። ትረካው ሐሰት አይደለም፤ ይጎድለዋል እንጂ። የታማሚው ዕጣ በአብዛኛው የሚለየው መቅኔው ከጸደቀ በኋላ ባሉት ወራትና ዓመታት ነው። የለጋሹ ነጭ የደም ሕዋሳት በአዲሱ ቤታቸው ቁጥራቸው ሲሞላ፣ ወዳጅና ጠላት መለየት ሲማሩ፣ ያኔ ሰውየው ዳነ ይባላል። ሐኪሞች ይህን ለመረዳት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል። ያስተማሯቸውም በአብዛኛው ያልዳኑት ናቸው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻው ጦርነት ነው። በ1945 ሂሮሺማና ናጋሳኪ ላይ የአቶም ቦምብ ሲጣል፣ ከፍንዳታውና ከእሳቱ ከተረፉት ሰዎች ብዙዎቹ ከሳምንታት በኋላ ሞቱ። ፀጉራቸው ረገፈ፣ ድዳቸው ደማ፣ ትኩሳት ጣላቸው። ጨረሩ የደም መፍለቂያ የሆነውን መቅኔ አድርቆት ነበር። በጨረር የተመታን ሰውነት ማዳን ይቻል ይሆን የሚለው ጥያቄ ከዚያ በኋላ ወደ ቤተ ሙከራ ገባ። በ1949 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሊዮን ጃኮብሰን የአይጦችን ጣፊያ በእርሳስ ከልለው የቀረውን ሰውነት ገዳይ በሆነ ጨረር ቢመቱት፣ አይጦቹ ተረፉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኢጎን ሎሬንዝ በጨረር የተመቱ አይጦችን የሌላ አይጥ መቅኔ በመስጠት ማዳን እንደሚቻል አሳዩ።

ያዳናቸው ምንድን ነው? አንዳንዶች ከጣፊያውና ከመቅኔው የሚመነጭ አንዳች ፈሳሽ ነው አሉ፤ ሌሎች ሕያው ሕዋስ ነው ብለው ተከራከሩ። በ1956 በእንግሊዝ ሃርዌል የሚገኙ ተመራማሪዎች በማይክሮስኮፕ በቀላሉ የሚለይ ክሮሞሶም ያላቸውን አይጦች ለጋሽ አደረጉ። ያ ምልክት በተቀባዮቹ መቅኔ ውስጥ ሲገኝ ክርክሩ አበቃ፤ የለጋሹ ሕዋሳት ገብተው ሰፍረው ነበር።

የሃርዌሉ ቡድን በዚያው ዓመት የደም ካንሰር ያለባቸውን አይጦች በጨረር መትቶ የሌላ ዝርያ መቅኔ ሰጣቸው። አይጦቹ ከጨረሩ ሕመም ካገገሙ በኋላ መክሳት ጀመሩ፤ ተቅማጥ ያዛቸው፣ ቆዳቸው ተበላሸ፣ አለቁም። ተመራማሪዎቹ ሁኔታውን ሁለተኛው በሽታ ብለው ጠሩት። የተተከለው ሕዋስ ባለቤቱን እንደ ባዕድ ቆጥሮ እያጠቃ ነበር። ሆኖም አንድ ነገር ልብ አሉ፤ ይኸው ጥቃት የካንሰሩንም ርዝራዥ ሳያጠፋ አይቀርም ብለው ጻፉ። በዚያች አጭር ጽሑፍ ውስጥ የተቀመጠው ሐሳብ የሚቀጥሉትን ሃምሳ ዓመታት ሥራ በሙሉ ያዘለ ነው ማለት ይቻላል።

በሰው ላይ የተደረገው ሙከራ የተጀመረው በአሜሪካ ኩፐርስታውን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ዶክተር ዶናል ቶማስ በ1957 ስድስት ታማሚዎች የሌላ ሰው መቅኔ እንዲሰጣቸው ማድረጋቸውን ዘገቡ። ከመቶ ቀን በላይ የኖረ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በኋላ ፍጹም ተመሳሳይ መንትያ ወንድም ወይም እኅት ያላቸው የደም ካንሰር ታማሚዎች ተሞከሩ። የመንትያ መቅኔ እንግዳ ስላልሆነ በሚገባ ጸደቀ፤ ካንሰሩ ግን በወራት ውስጥ አገረሸ።

በጥቅምት 1958 ከቤልግሬድ ወጣ ብሎ በሚገኘው የቪንቻ የኑክሌር ምርምር ተቋም አደጋ ደረሰ። ስድስት ወጣቶች በብርቱ ጨረር ተመትተው ወደ ፓሪስ ተወሰዱ፤ የተቀበሏቸው ማቴ ነበሩ። አይተዋቸው የማያውቁ ፈረንሳውያን መቅኔያቸውን ሊሰጡ ፈቃደኛ ሆነው ቀረቡ። በዚያ ዘመን ይህ ቀላል ውሳኔ አይደለም፤ መርፌው ወፍራም፣ ውጤቱም የማይታወቅ ነበር። መቅኔ ከተሰጣቸው አምስት ሰዎች አራቱ ተረፉ። የተተከለው መቅኔ ለጥቂት ጊዜ ሠርቶ ጠፋ፤ የራሳቸው ቀስ በቀስ አገገመ። ያዳናቸው የለጋሾቹ መቅኔ ይሁን ወይስ የራሳቸው ሰውነት፣ ሊቃውንት ዛሬም አይስማሙበትም።

ቀጥሎ የመጡት ዓመታት መራራ ናቸው። በ1970 ሞርቲመር ቦርቲን እስከዚያ በሰው ላይ የተደረጉትን ከ200 በላይ ንቅለ ተከላዎች ሰብስበው ሲመረምሩ፣ በለጋሽ መቅኔ ለረጅም ጊዜ የዳነ ሰው ከሞላ ጎደል አልነበረም። ብዙ ሐኪሞች ጉዳዩን ትተው ወደ ሌላ ሥራ ዞሩ። ቶማስ ግን ወደ ውሾች ተመለሱ። በ1963 ሥራቸውን ወደ ሲያትል ካዛወሩ በኋላ ከሬነር ሽቶርብና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ ከአንድ እናት የተወለዱ ውሾች የሕብረ ሕዋስ ምልክታቸው ሲመሳሰል ንቅለ ተከላው እንደሚሳካ፣ ካልተመሳሰለ ግን እንደማይሳካ አሳዩ። ሚቶትሬክሴት የተባለውን መድኃኒት ከንቅለ ተከላው በኋላ ለአጭር ጊዜ መስጠት የለጋሹን ሕዋሳት እንደሚያለዝብም ከውሾቹ ተማሩ።

የውሻው ትምህርት ለሰው እንዲሆን ያስቻለው በፓሪስ ዣን ዶሴ በ1958 የጀመሩት ሥራ ነው። ዶሴ በነጭ የደም ሕዋሳት ላይ ከሰው ሰው የሚለያይ ምልክት አገኙ፤ ይህ ኋላ ኤችኤልኤ የተባለው ሥርዓት የመጀመሪያው ቁራጭ ነበር። ልጅ ግማሹን ከአባት ግማሹን ከእናት ስለሚወርስ፣ ሁለት ወንድማማቾች ሙሉ በሙሉ የመመሳሰል ዕድላቸው ከአራት አንድ ነው። ለዶሴ በ1980፣ ለቶማስ ደግሞ በ1990 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

የመጀመሪያው እውነተኛ ድል ካንሰርን የሚመለከት አልነበረም። በ1968 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ሮበርት ጉድ የአምስት ወር ወንድ ሕፃን አከሙ። ሕፃኑ የተወለደው ያለ በሽታ መከላከያ ነው፤ በቤተሰቡ ከእርሱ በፊት የተወለዱ ወንዶች ልጆች በዚሁ ችግር ሞተዋል። የስምንት ዓመት እኅቱ መቅኔ ተሰጠው። ሕዋሷ መጀመሪያ ቆዳውንና ደሙን አጠቃ፤ ከእርሷ ሁለተኛ ጊዜ ሲሰጠው ግን ሰውነቱ ረጋ፤ የደሙ ዓይነት እንኳ ከኤ ወደ ኦ ተለወጠ። አድጎ ሙሉ ሰው ለመሆንም በቃ። የደም ካንሰር ሐኪሞች ከጠላት ሴል ጋር ሲታገሉ፣ የጉድ ሕፃን ደግሞ ንቅለ ተከላ በመሠረቱ የመከላከያ ሥርዓት ተከላ መሆኑን አሳየ።

በሲያትል ከወንድምና ከእኅት በተገኘ ተመሳሳይ መቅኔ የደም ካንሰርን ማከም የተጀመረው በ1969 ነው። በ1977 ቡድኑ ሌላ ሕክምና ሁሉ ያልሠራላቸውን 100 ታማሚዎች ውጤት አሳተመ። ከበሽታው ነጻ ሆነው በሕይወት የነበሩት 13 ብቻ ናቸው። ዛሬ ይህን ቁጥር ያነበበ ሰው ሽንፈት ነው ሊል ይችላል። ያኔ ግን እነዚያ 100 ሰዎች ሁሉ ሞታቸውን ይጠባበቁ ስለነበር፣ አሥራ ሦስቱ ዓለምን አነቃነቁ። ቡድኑ ከዚያ በሽታው ሳይጸና ቀደም ብሎ መትከልን መረጠ፤ የሚድነውም ሰው በዛ።

የቀሩት 87 ሰዎች በምን ሞቱ? ካንሰሩ ያገረሸባቸው ብዙ ናቸው። የሌሎቹ ሞት ግን ሥርዓት ነበረው፤ ሐኪሞቹም ሥርዓቱን ለማንበብ ተማሩ። በመጀመሪያው ወር የሚመጡት ባክቴሪያና ሻጋታ ናቸው። በዚያ ወቅት ታማሚው ባክቴሪያን ቀድሞ የሚውጠው ኒውትሮፊል የተባለ ነጭ ሕዋስ ስለሌለው፣ የገዛ አፉና አንጀቱ ውስጥ የሚኖሩ ጀርሞች ወደ ደሙ ይገባሉ። አየሩ በተጣራ ክፍል ውስጥ ለብቻው የሚተኛውም ለዚህ ነው። ኒውትሮፊል ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ይመለሳል፤ ሐኪሞች መቅኔው ጸደቀ የሚሉትም ያን ጊዜ ነው። ቤተሰብ እፎይ የሚለው፣ ታማሚውም ወደ ቤቱ መሄድ የሚያምረው ያኔ ነው።

ከዚያ ግን ሁለተኛው ወርና ሦስተኛው ወር ይመጣሉ። አብዛኛው ሰው በልጅነቱ ወይም በወጣትነቱ ሳያውቀው የሚይዘው ሳይቶሜጋሎቫይረስ ዕድሜ ልክ በሰውነት ውስጥ እንደ ተዳፈነ ፍም ይቀመጣል። አመዱን የሚጠብቀው ቲ ሴል የሚባለው ሕዋስ ነው። ቲ ሴል በሌለበት ቫይረሱ ሳንባ ውስጥ ይቀጣጠላል። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ይህ የሳንባ ምች ከያዛቸው የንቅለ ተከላ ታማሚዎች የሚተርፈው ጥቂት ነበር። መቅኔያቸው የጸደቀላቸው፣ ካንሰራቸው የጠፋላቸው፣ ሊወጡ ዕቃቸውን የሸከፉ ሰዎች በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልቁ ነበር።

ሦስተኛው ምዕራፍ ከመቶ ቀን በኋላ ይጀምራል። ፀረ እንግዳ አካል የሚሠሩት ቢ ሴሎች ቁጥራቸው እስኪሞላ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ የሚሠሩት ፀረ እንግዳ አካል ጥራት ደግሞ ከዚያም ይዘገያል። በእነዚህ ወራት የሳንባ ምች ባክቴሪያና አልማዝ ባለጭራ ይበረታሉ። የማቴ ታማሚ በሃያኛው ወር የሞተበት ምክንያት በዚህ ሰሌዳ ላይ ሲታይ እንቆቅልሽ አይሆንም።

የ1980ዎቹ ትልቁ ትግል ግን በለጋሹ ቲ ሴሎች ላይ ነበር። ቆዳን የሚልጡት፣ አንጀትን የሚያቆስሉት፣ ጉበትን የሚያጠቁት እነርሱ ናቸው። ታዲያ ከመቅኔው አውጥቶ መጣል አይቻልም? ይቻላል። እስራኤላዊው ያይር ራይስነር በኒው ዮርክ ከሚገኘው የስሎን ኬተሪንግ ማዕከል ባልደረቦቻቸው ጋር ከአኩሪ አተር በሚገኝ ፕሮቲን መቅኔን አጣርተው ቲ ሴሎችን ቀነሱ። ሌሎች ማዕከላትም በየራሳቸው ዘዴ ተከተሉ። ጥቃቱ እንደታሰበው ቀለለ። ግን መቅኔው ሳይጸድቅ የሚቀርባቸው፣ በቫይረስ የሚሞቱና ካንሰር የሚያገረሽባቸው ሰዎች በዙ።

ሒሳቡን በ1990 ሜሪ ሆሮዊትዝና ባልደረቦቻቸው በ2,254 ታማሚዎች መዝገብ ላይ ሠርተው አወጡት። የለጋሹ ሕዋስ መጠነኛ ጥቃት ያደረሰባቸው ሰዎች ካንሰር ብዙም አላገረሸባቸውም። ፍጹም ተመሳሳይ መንትያ የለገሳቸውና ቲ ሴል የተጣራ መቅኔ የተሰጣቸው ግን ይበልጥ አገረሸባቸው። የሃርዌል ሰዎች በአይጥ የጠረጠሩት ነገር በሰው ተረጋገጠ፤ ካንሰሩን የሚነቅለው ጨረሩና መድኃኒቱ ብቻ ሳይሆን የለጋሹ ሕዋስ ጭምር ነው። በዚያው ዓመት በሙኒክ ሃንስዮኸም ኮልብ ካንሰር ያገረሸባቸውን ሦስት ታማሚዎች ከቀድሞ ለጋሻቸው በተቀዳ ነጭ የደም ሕዋስ አክመው ካንሰሩን እንዳጠፉ ዘገቡ። አዲስ መቅኔ አልተተከለላቸውም። የጎደላቸው ሕዋስ ብቻ ነበር የተጨመረላቸው።

ቲ ሴልን የማጣራት ዋጋ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ዓለም በአንድ ልጅ ተመለከተ። ዴቪድ ቬተር በ1971 በቴክሳስ ሂውስተን ሲወለድ የመከላከያ ሥርዓት አልነበረውም፤ እንደተወለደ ከጀርም በጸዳ የፕላስቲክ ክፍል ውስጥ ገባ፣ በዚያም አሥራ ሁለት ዓመት ኖረ። የሚመሳሰለው ለጋሽ ጠፋ። በጥቅምት 1983 የእኅቱ መቅኔ ቲ ሴሉ ተጣርቶ ተሰጠው። በመቅኔው ውስጥ ግን ማንም ያላየው ኤፕስቲን ባር የተባለ ቫይረስ ነበር። ለእኅቱ ምንም አላደረጋትም፤ በወንድሟ ሰውነት ውስጥ ግን የሚገታው ስላልነበረ ቢ ሴሎቹን ያለ ልክ አባዛቸው፤ ዕጢ ሆኑ። ዴቪድ በየካቲት 1984 አረፈ። እናቱ እጁን ያለ ጓንት የዳሰሰችው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ ነው፤ ያም በመጨረሻዎቹ የሕይወቱ ቀናት። የዴቪድ ሞት ቫይረስ ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል ከሚያሳዩት ግልጽ ማስረጃዎች አንዱ ሆነ። በቀጣዩ አሥር ዓመት ሐኪሞች ለዚህ ዓይነቱ ዕጢ መድኃኒት አገኙ፤ መድኃኒቱም የለጋሹ ቲ ሴል ነበር።

በሳይቶሜጋሎቫይረስ ላይም ተመሳሳይ ትምህርት ተገኘ። ጋንሳይክሎቪር የተባለው መድኃኒት ሲመጣ፣ ቫይረሱ በደም ውስጥ እንደታየ ሳንባ ሳይደርስ ማከም ተጀመረ፤ በ1991 የወጡ ጥናቶች ብዙ ሕይወት እንደሚያተርፍ አሳዩ። ይሁንና የሲያትል ሐኪሞች አንድ የማይጠበቅ ነገር አዩ። መድኃኒቱ ለረጅም ጊዜ በተሰጣቸው ሰዎች ላይ ቫይረሱን የሚያውቅ ቲ ሴል ሳይወለድ ይዘገያል፤ መድኃኒቱ ሲቆም ቫይረሱ ዘግይቶ ይመጣል። ስታንሊ ሪድልና ፊሊፕ ግሪንበርግ ከለጋሹ ቫይረሱን የሚለዩ ቲ ሴሎችን መርጠው በቤተ ሙከራ አራቡና ለታማሚዎች ሰጡ። በ1995 በወጣው ዘገባቸው ሕዋሱ ከተሰጣቸው 14 ሰዎች አንዱም የሳይቶሜጋሎቫይረስ በሽታ አልያዘውም። መድኃኒት ጊዜ ይገዛል፤ ጥበቃውን የሚረከበው ግን ሕዋሱ ነው።

ቲ ሴል ለምን ይዘገያል? መልሱ ከደረት አጥንት ጀርባ ያለው ታይመስ የተባለ ትንሽ ዕጢ ነው። ከመቅኔ የሚወጣ ጥሬ ሕዋስ ቲ ሴል የሚሆነው እዚያ ገብቶ ተምሮና ተፈትኖ ነው። ታይመስ በልጅነት ትልቅ ነው፤ ከጉርምስና በኋላ እየሟሸሸ ቦታውን ለስብ ይለቃል። በ1995 በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ክሪስታል ማካልና ባልደረቦቻቸው ከባድ የካንሰር መድኃኒት የወሰዱ ልጆችንና ወጣቶችን ተከታትለው፣ በዕድሜ ትንሽ የሆኑት ቲ ሴላቸው ፈጥኖ እንደሚመለስ አሳዩ፤ በአንዳንዶቹ ታይመሱ ራሱ መልሶ ሲያብጥ በምስል ታየ። ብዙም ሳይቆይ ዳንኤል ዱዌክ ከታይመስ አዲስ የወጣ ሕዋስ ብቻ የሚይዘውን ክብ የዲኤንኤ ቁራጭ በመቁጠር የዕጢውን ምርት መለካት እንደሚቻል አሳዩ። የአምሳ ዓመት ሰው ከንቅለ ተከላ በኋላ ለምን ከአምስት ዓመት ልጅ ይልቅ በቫይረስ እንደሚጠቃ በቁጥር ማየት የተቻለው ከዚያ ወዲህ ነው። ጨረሩም፣ የለጋሹ ሕዋስ ጥቃትም፣ ጥቃቱን ለማብረድ የሚሰጠው ስቴሮይድም ታይመሱን ይጎዱታል። ስለዚህ ከባድ ጥቃት የደረሰበት ታማሚ ሁለት ጊዜ ይከስራል፤ ሰውነቱ ይጎዳል፣ የሚጠብቀውም ሕዋስ ይዘገይበታል።

ለጋሽ ፍለጋው በዚህ መሃል ከቤተሰብ አልፎ ወጥቷል። በ1974 በለንደን ሸርሊ ኖላን የተባለች እናት የታመመ ልጇን አንቶኒን ለማዳን ፈቃደኛ ለጋሾችን መመዝገብ ጀመረች። አንቶኒ የሚመስለው ሳይገኝ በ1979 በሰባት ዓመቱ ሞተ፤ በስሙ የቆመው መዝገብ ግን ለዓለም አርአያ ሆኖ ዛሬ በመላው ዓለም የተመዘገቡት ለጋሾች ከ40 ሚሊዮን በላይ ደርሰዋል። በ1988 በፓሪስ ኤሊያን ግሉክማን አንድ የአምስት ዓመት ልጅ ከአራስ እኅቱ እትብት በተወሰደ ደም አዳኑ። የእትብት ደም ሕዋሳት ገና ያልሠለጠኑ ስለሆኑ ሙሉ መመሳሰልን አይጠይቁም፤ በዚያው ምክንያት ቫይረስን ለመከላከል ይዘገያሉ። በጣሊያን ፔሩጃ ደግሞ ፍራንኮ አቨርሳና ማሲሞ ማርቴሊ ከወላጅ ወይም ከልጅ የተገኘ፣ በግማሽ ብቻ የሚመሳሰል ስቴም ሴል (ደም የሚያፈልቀውን እናት ሕዋስ) ቲ ሴሉን አጣርተው እጅግ በብዙ መጠን በመስጠት አጸደቁት። ከዚያ በኋላ ብዙዎቹን የጣላቸው ኢንፌክሽን ነበር።

በግማሽ የሚመሳሰለውን ለጋሽ ለሁሉም የከፈተው መፍትሔ የመጣው ከባልቲሞር ነው። የጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪሞች ቲ ሴሉን ሳያጣሩ ይተክላሉ፤ በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ሳይክሎፎስፋማይድ የተባለውን የቆየ የካንሰር መድኃኒት ይሰጣሉ። በእነዚያ ቀናት ተቀባዩን ባዕድ ብለው ለጥቃት የተነሱት ቲ ሴሎች በፍጥነት እየተባዙ ስለሆነ መድኃኒቱ አብዝቶ የሚጎዳው እነርሱን ነው። በእርጋታ ያሉት፣ ቫይረስን የሚያስታውሱት ይተርፋሉ። ሌዮ ሉዝኒክና ኤፍራይም ፉክስ በ2008 ውጤቱን ሲያሳትሙ ውድ መሣሪያም ሆነ የሕዋስ ማጣሪያ ቤተ ሙከራ አላስፈለጋቸውም፤ ዘዴው በአጭር ጊዜ ውስጥ ገንዘብ ወዳጠራቸው አገሮች መስፋፋቱም ለዚህ ነው።

አሁን የመከላከያው መመለስ ራሱ እንደ ውጤት ይለካል። በኔዘርላንድስ ዩትሬክት የያፕ ያን ቡለንስ ቡድን ሕፃናትን ሲያጠና፣ ሲዲ4 የተባሉት ቲ ሴሎች በመጀመሪያዎቹ መቶ ቀናት በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ50 በላይ የደረሱላቸው ልጆች የመትረፍ ዕድላቸው ጎላ ብሎ ታየ። መዘግየቱን ከሚያመጡት ምክንያቶች አንዱ ደግሞ በሐኪሞች እጅ ያለ ነበር። ከንቅለ ተከላው በፊት ቲ ሴልን ለመግታት የሚሰጠው መድኃኒት በክብደት ብቻ ሲሰላ ለብዙ ልጆች ከሚያስፈልገው በላይ ሆኖ ቆይቷል፤ ትርፉ መድኃኒት አዲሶቹንም ሕዋሳት ይገድላል። መጠኑን በታማሚው ነጭ የደም ሕዋስ ቁጥር ጭምር ማስላት ሲጀመር ብዙ ልጆች ፈጥነው አገገሙ። አዲስ መድኃኒት ሳይፈጠር፣ ያለውን በትክክል በመስፈር ብቻ የተገኘ ሕይወት ነው።

የእነዚህ ትንንሽ መሻሻሎች ድምር ትልቅ ነው። የሲያትል ማዕከል በ1990ዎቹ አጋማሽ የተከላቸውን ታማሚዎች ከአሥር ዓመት በኋላ ከተተከሉት ጋር ሲያነጻጽር፣ ካንሰር ሳያገረሽ በመጀመሪያዎቹ 200 ቀናት የመሞት አደጋ በ60 በመቶ፣ በጠቅላላው የመሞት አደጋ ደግሞ በ41 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። በ2012 መጨረሻ በዓለም የተደረጉት የስቴም ሴል ንቅለ ተከላዎች አንድ ሚሊዮን ደረሱ።

ይህ ዕድል ለሁሉም እኩል አልደረሰም። በ2014 የአሜሪካ ብሔራዊ መዝገብ ተመራማሪዎች እንዳሰሉት፣ የአውሮፓ ዝርያ ያለው ነጭ አሜሪካዊ ሙሉ በሙሉ የሚመሳሰለው ለጋሽ የማግኘት ዕድሉ 75 በመቶ ሲሆን፣ የጥቁሮች ግን ከ16 እስከ 19 በመቶ ብቻ ነው። አፍሪካ የሰው ልጅ መነሻ በመሆኗ የሕብረ ሕዋስ ምልክቶች ልዩነት ከሌላው ዓለም ይልቅ የሰፋ ነው፤ በመዝገቡ ላይ የሚገኙት አፍሪካውያን ደግሞ ጥቂት ናቸው። በዋሽንግተን፣ በሚኒያፖሊስ ወይም በቴል አቪቭ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ታማሚ ከማንም በላይ ሊመስለው የሚችለው የአገሩ ልጅ ነው። ለመመዝገብ ጉንጭን በጥጥ መጥረግ ይበቃል። ከተመረጡት ለጋሾች የሚበዙት ዛሬ የሚሰጡት ከአጥንት ሳይሆን ከክንድ ደም ሥር በማሽን በኩል ነው። የባልቲሞሩ ዘዴ ደግሞ አባት፣ እናት ወይም ልጅ ለጋሽ እንዲሆን ፈቅዷል።

ለንቅለ ተከላ ከኢትዮጵያ ወደ ህንድ የሚጓዙ ቤተሰቦች ገንዘቡን የሚያሰሉት ብዙ ጊዜ ሆስፒታሉ በሚጠይቀው ዋጋ ነው። ከላይ የተተረከው ታሪክ ሌላ ሒሳብ ይጨምራል። የመጀመሪያዎቹ መቶ ቀናት ከማዕከሉ አጠገብ ቤት ተከራይተው የሚያልፉ ናቸው። ወደ አገር ከተመለሱም በኋላ ሳይቶሜጋሎቫይረስ በደም ውስጥ መታየት አለመታየቱ በየጊዜው ይመረመራል፤ የመከላከያ ሥርዓቱን የሚገታው መድኃኒት መጠን ይለካል፤ ትኩሳት ሲመጣ እስከ ነገ አይጠበቅም። ታማሚው በልጅነቱ የተከተበው ክትባት ሁሉ ከአሮጌው መቅኔ ጋር ስለጠፋ፣ አዋቂም ቢሆን እንደ ሕፃን ከመጀመሪያው ይጀምራል። የሳንባ ምች፣ የመንጋጋ ቆልፍና የመሳሰሉት ክትባቶች ከሦስተኛው ወር አንስቶ በየተራቸው ይጀመራሉ። ሕያው ጀርም ያለበት የኩፍኝ ክትባት ግን ሁለት ዓመት ይጠብቃል፤ እስከዚያ ድረስ ታማሚውን ከኩፍኝ የሚከልሉት በዙሪያው ያሉት የተከተቡ ሰዎች ናቸው። እኅትና ወንድም፣ አስታማሚና ጠያቂ ሁሉ የኩፍኝና የኢንፍሉዌንዛ ክትባታቸውን እንዲያሟሉ ሐኪሞች የሚያሳስቡትም በዚሁ ምክንያት ነው።